ሕመሙ ያለ፥ ምልክቱ የማይታይ
ስለ ሆድ ሕመምና ስለ ሰውነት ዘበኞች በመምህራን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር



የአማርኛ ቋንቋ የሰውን ስሜት የሚያኖረው በልብ ብቻ አይደለም፤ በሆድና በአንጀትም ጭምር ነው። ያዘነ ሰው ሆዱ ባሰው ይባላል፤ የተቃጠለ አንጀቱ አረረ፥ የረካ አንጀቱ ራሰ ይባላል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፥ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ነው። አባቶች ይህን ሲናገሩ አጉሊ መነጽርና ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ ይሁን እንጂ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አለመሆኑን፥ የሰው ሐሳብና የሰው አንጀት እንደ ጎረቤት የሚሰማሙ መሆናቸውን በኑሮ ተረድተውት ነበር። የዛሬው ሳይንስ በዚህ ጉርብትና ላይ አንድ ሦስተኛ ወገን ጨምሮበታል፤ እርሱም የሰውነት በሽታ መከላከያ ሠራዊት ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ሐኪሞች የምግብ መፍጫ አካላት የአሠራር መታወክ የሚሉት ሕመም ነው። ጠባዩም እንዲህ ነው፤ ሰውየውን ሆዱን ይቆርጠዋል፥ ይነፋዋል፥ አንድ ጊዜ ያስቀምጠዋል፥ ሌላ ጊዜ ያደርቀዋል፤ ሲመረመር ግን ቁስል አይገኝበትም፥ እጢ አይታይበትም፥ በሰገራውም ትል ወይም አሜባ አይገኝበትም። የአካሉ ቅርጽ ሙሉ ነው፤ የታወከው አሠራሩ ነው። ከእነዚህ ሕመሞች መካከል የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከእምብርት በላይ የሚሰማው፥ ጥቂት በልቶ የመጥገብና የማቃጠል ስሜት የሚያመጣው፥ ሕዝቡ ከሌላው ሁሉ ጋር ደባልቆ «ጨጓራ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ከመጸዳዳት ጋር የተያያዘ ቁርጠት ያለበት፥ ቁጡ አንጀት ሊባል የሚገባው ነው፤ በጅቡቲ ከተማ በፈረንሳይኛ የተማሩ ሐኪሞች «ኮሎፓቲ» ይሉታል። በ2016 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አንድ ሰው ይህ ሕመም አለበት የሚባለው ቁርጠቱ ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን ያህል ሲመላለስበትና ከሰገራ አወጣጥ ወይም ከመልኩ ለውጥ ጋር ሲገናኝ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሕመም የጥቂት ሰዎች ዕጣ አይደለም። በ2021 የታተመና በ33 አገሮች ከ73 ሺህ በላይ ሰዎችን የጠየቀ ጥናት ከአሥር ሰዎች አራቱ ያህል አንድ ዓይነት የምግብ መፍጫ አሠራር መታወክ እንዳለባቸው አሳይቷል። እንግዲህ በአንድ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አሥር ሰዎች ቢቀመጡ ሕመሙን የሚያውቁት አራት ቢሆኑ አያስደንቅም፤ በአንድ የመማሪያ ክፍል ከተቀመጡት ልጆችም መካከል ይህ ሕመም የሚመላለስባቸው አይጠፉም።

ነገሩን ከአንድ ስፍራ ጋር አያይዞ ማየት ይጠቅማል። በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት ከአሮጌዎቹ ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 3 ነው። ኢትዮጵያውያን በዚያች ከተማ መኖር የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ሠራተኛውም ነጋዴውም በዚያ መንገድ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። አገሩ ሞቃት ነው፤ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ስለ ሆነ በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የውሃ ቧንቧ ተዘርግቶ ተመርቋል፤ በ2021 ደግሞ የባሕሩን ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ በዶራሌ ተከፍቷል። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ውሃ ከቧንቧው ወጥቶ በጄሪካንና በበርሜል በሚጠራቀምበት ቤት፥ ብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ በሚጋራበት ግቢ፥ በኅዳር 2019 እንደ ሆነው ያለ ከባድ ዝናብ ወርዶ ጎርፉ ከየጉድጓዱ ያገኘውን ይዞ በየመንገዱ በሚተኛበት ጊዜ፥ ተቅማጥ ከደጅ አይርቅም።

በዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይታሰብ። ልጁ በዝናቡ ሰሞን ለአሥር ቀን ያህል ጽኑ ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ መድኃኒት ዋጠ፥ ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን ሆዱ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይቆርጠዋል፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እጁን አንሥቶ መውጣት ይጠይቃል። እናቱ «አሜባው ተመለሰበት» ብላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፍላጂል ገዝታ ሰጠችው፤ ለጥቂት ቀን የተሻለው መሰለ፥ ተመልሶ ያው ሆነ። ሐኪም ቤት ቢወሰድ ሰገራውም ደሙም ተመረመረ፤ የተገኘው ቃል «ምንም የለበትም» የሚል ነው። ይህ ቃል ከሐኪም ቤት ሲወጣ የምሥራች ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን ክስ ይሆናል። ምንም ከሌለበት ለምን ይወጣል? ሰነፍ ነው፥ ፈተና ፈርቶ ነው፥ ያስመስላል ይባላል። ልጁም ከጊዜ ብዛት የራሱን ሕመም መጠራጠር ይጀምራል። እንዲህ ያለው ልጅ በካርቲየ 3 ብቻ አይገኝም፤ በድሬዳዋም፥ በባሕር ዳርም፥ በአዲስ አበባም በየክፍሉ ተቀምጧል። ስለዚህ «ምንም የለበትም» የሚለው ቃል እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር ለመምህር የፍርድ ጉዳይ ነው።

የሰው የምግብ መፍጫ ቱቦ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የተዘረጋ የውጭ ዓለም መተላለፊያ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ምግብ፥ ውሃና ተሕዋስያን በሙሉ የውጭ ሰው ናቸው። ግድግዳው ሽንሽኑና ጥቃቅን ጣቶቹ ሁሉ ተዘርግተው ቢለኩ 30 ካሬ ሜትር ያህል፥ ይህም የአንድ የመማሪያ ክፍል ወለል ግማሽ ያህል ይሆናል። ይህን ሁሉ ስፋት ከውጭው ዓለም የሚለየው የአንድ ረድፍ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው፤ ያም ረድፍ በየጥቂት ቀኑ እየረገፈ በአዲስ ይተካል። ቅጥሩ እንዲህ ስስ ስለ ሆነ ዘበኛው ብዙ መሆን ነበረበት፤ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሕዋሳት ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ በዝተው የሚገኙት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። በዚያው ግድግዳ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን የማያንሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ዘበኛውና ነርቩ ጎን ለጎን የሚኖሩ ናቸው፤ የአንዱ ጩኸት ሌላውን ይቀሰቅሰዋል።

የዘበኛ ሥራ ማባረር ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የአንጀት ዘበኛ ግን በቀን ሦስት ጊዜ የሚመጣውን እንግዳ፥ ማለት እንጀራውን፥ ወተቱን፥ ሽሮውን፥ ዓሣውን፥ ሳያስነካ የማሳለፍ ግዴታ አለበት። ይህ ትዕግሥት በትምህርት የሚገኝ ነው፤ ሰውነት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምግብን ምግብ ነው ብሎ ይማራል። ሌሎቹን ዘበኞች «ተው» እያሉ የሚገሥጹ ልዩ ሕዋሳት እንዳሉ ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 አሳየ፤ አሜሪካውያኑ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ በ2001 እነዚህን ሕዋሳት የሚመራውን የዘር ቅንጣት አገኙ። ሦስቱም ስለዚህ ሥራቸው የ2025ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጤና ማለት ጠላትን መምታት ብቻ ሳይሆን ወዳጅን አለመምታትም መሆኑን ይህ ሽልማት ለዓለም አስታውቋል።

ትዕግሥቱ የሚፈርሰው መቼ ነው? መልሱ ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። በ1962 በኦክስፎርድ ሁለት ሐኪሞች ቁጡ አንጀት ያለባቸውን 130 በሽተኞች መርምረው ከአራቱ አንዱ ያህል ሕመሙ የጀመረው ከተቅማጥ በሽታ በኋላ መሆኑን ጽፈው ነበር። ይህን ማስታወሻ ያጸናው ግን በሁለት የሠለጠኑ አገሮች የደረሰ አደጋ ነው። በግንቦት 2000 በካናዳ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ ከውሃ ጉድጓድ አገባው፤ የክሎሪን ጥበቃውም ጐድሎ ነበርና ከ2 ሺህ 300 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፥ ሰባት ሞቱ። ሐኪሞች ሕዝቡን ለዓመታት ተከታተሉት፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ታመው ከነበሩት ውስጥ 28 በመቶ ያህሉ፥ ከስምንት ዓመትም በኋላ 15 በመቶ ያህሉ ቁጡ አንጀት ነበራቸው። በ2004 ደግሞ በኖርዌይ በርገን ከተማ የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ መጠጥ ውሃ ገብቶ ጃርዲያ የተባለውን ተሕዋስ አሰራጨ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢታይ ጃርዲያ ይዟቸው ከነበሩት 46 በመቶው፥ ካልታመሙት ግን 14 በመቶው ብቻ ቁጡ አንጀት ነበረባቸው። ተሕዋሱ ከሄደ ቆይቷል፤ ሕመሙ ግን ቀርቷል። ጃርዲያ ለበርገን እንግዳ ነበር፤ ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ልጆች ግን የሠርክ ጎረቤት ነው።

ተሕዋሱ ከሄደ በኋላ የቀረው ምንድር ነው? እዚህ ላይ ማስት ሴል የተባለው ሕዋስ ይመጣል። ይህን ሕዋስ በ1878 ለይቶ ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ነው፤ በውስጡ በታጨቁት ቅንጣቶች ምክንያት ጠግቦ የወፈረ ስለ መሰለው በአገሩ ቋንቋ የጠገበ ሕዋስ አለው። ቅንጣቶቹ ሂስታሚንና ሌሎች ቅመሞችን ይይዛሉ፤ ሕዋሱ ሲቆጣ ይረጫቸዋል፥ በአጠገቡ ያለው ነርቭም ሕመም ብሎ ወደ አንጎል ያስተላልፋል። በ2004 ከጣሊያን አገር ከቦሎኛ የወጣ ጥናት ቁጡ አንጀት ባለባቸው ሰዎች የአንጀት ግድግዳ ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት በነርቭ አጠገብ በዝተው መገኘታቸውን፥ የሚቀርቡትም በበዙ መጠን ቁርጠቱ የሚጸና መሆኑን አሳየ። በላይኛው ሆድ ሕመምም ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል፤ በ2007 በስዊድን ሕዝብ ላይ በተደረገ ምርመራ ቁስል ሳይኖርባቸው የጨጓራ ሕመም በሚሰማቸው ሰዎች የቀጭን አንጀት መጀመሪያ ላይ ኢዮሲኖፊል የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ከልክ በላይ በዝተው ታይተዋል።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የገለጠው በቤልጅግ በሌቨን ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በጥር 2021 የታተመው ምርምር ነው። ተመራማሪዎቹ አይጦችን የአንጀት በሽታ በሚያመጣ ባክቴሪያ አስያዙአቸው፤ በዚያው ሰሞን የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን አበሏቸው። አይጦቹ ከበሽታው ፈጽመው ከዳኑ በኋላ ያው እንቁላል ቢሰጣቸው አንጀታቸው ተቆጣ። በሕመሙ ሰዓት ምግቡ ከጠላት ጋር አብሮ ታይቷልና ዘበኛው ሁለቱን በአንድ መዝገብ ጽፏቸዋል። ለዚያ ምግብ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካልም የተገኘው በአንጀቱ ግድግዳ ብቻ እንጂ በደም ውስጥ አልነበረም፤ በደም የሚደረገው የተለመደ ምርመራ ነገሩን የማያገኘው ስለዚህ ነው። ቀጥለውም ቁጡ አንጀት ባለባቸው 12 ሰዎች የታችኛው አንጀት ግድግዳ ላይ የስንዴ፥ የግሉተን፥ የአኩሪ አተርና የወተት ፕሮቲን በጥቂቱ ቢወጉ 12ቱም ቢያንስ ለአንዱ አበጡ፤ ከ8 ጤነኞች ግን ያበጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። አባቶች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህንኑ ነው። ልጡ እባብ አይደለም፤ ድንጋጤው ግን እውነተኛ ነው።

እንግዲህ በዚያ ልጅ ላይ «ምንም የለበትም» መባሉ የሚተረጎመው እንዲህ ነው፤ በተፈለገበት ስፍራ የተፈለገው ነገር አልተገኘም ማለት ነው እንጂ ሕመም የለም ማለት አይደለም።

ለመምህራን ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ አንድ ጥናት አለ። በ2014 በዚያው በሌቨን ከተማ ጤነኛ ሰዎች በሰው ፊት ቆመው ንግግር እንዲያደርጉ ታዘዙ። ፍርሃቱ የጸናባቸውና የጭንቀት ቅመም በሰውነታቸው ከፍ ያለባቸው ሰዎች የቀጭን አንጀታቸው ቅጥር ሲላላ ተለካ፤ የማስት ሴልን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት አስቀድሞ ሲሰጣቸው ግን ቅጥሩ አልላላም። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው ፍርሃቱ ሰበብ አይደለም፤ ከአንጎሉ ተነሥቶ በማስት ሴል በኩል አንጀቱ የደረሰ መልእክት ነው። «ፈርቶ ነው» እና «ታሞ ነው» የሚሉት ሁለት ቃላት ተቃራኒዎች መስለው ኖረዋል፤ አሁን ግን የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ሆነው ተገኝተዋል።

ይህን ሁሉ ሲያነሡ መጠኑን ማወቅ ይገባል። የአሠራር መታወክ ያለበት ሰው ሁሉ መነሻው የመከላከያ ሕዋስ አይደለም፤ የነርቭ መሰልጠን፥ የአንጀት ባክቴሪያዎች መለዋወጥ፥ ኑሮና ኀዘንም ድርሻ አላቸው። የሂስታሚንን ሥራ የሚያግዱ መድኃኒቶች በቁጡ አንጀት ላይ ተሞክረው ጥቅማቸው መጠነኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ማንም ከዚህ ንግግር ተነሥቶ ወደ መድኃኒት መደብር አይሂድ። ፍላጂልንና የመሳሰሉትን ያለ ምርመራ ደጋግሞ መውሰድ የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጐዳል፥ ተሕዋስያንንም መድኃኒት ያስለምዳል። በኢትዮጵያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ በጨጓራው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ የያዘ ስለ ሆነ የጨጓራ ሕመም ያለው ሰው በሐኪም ተመርምሮ እንደ ውጤቱ መታከም ይገባዋል። በተለይም ሰገራው ደም ካለበት፥ ክብደቱ ከቀነሰ፥ ትኩሳት ካለው፥ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው፥ ልጅም ከሆነ ዕድገቱ ከቆመ፥ ያ የአሠራር መታወክ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የአንጀት ነቀርሳን የመሰለ ከባድ በሽታ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ያስፈልጋል።

በምግብ በኩል ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ሽምብራና አተር በአንጀት ውስጥ ቶሎ የሚቦኩ ስኳሮች ስላሏቸው ቁጡ አንጀትን የሚነፉ መሆናቸው ታውቋል፤ እነዚህን በሐኪም ምክር ለጥቂት ጊዜ ቀንሶ፥ ኋላም አንድ በአንድ መልሶ የሚስማማውን መለየት ይቻላል። በማደግ ላይ ያለን ልጅ ግን ወጥ ከልክሎ በባዶ እንጀራ ማሳደር ሕክምና አይደለም። ለአዋቂዎችም ጫት የጨጓራን ሥራ የሚያዘገይና ሆድን የሚያደርቅ መሆኑ ሊታወስ ይገባል፤ በየቀኑ ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ ከሚገባው ጫት ጋር የሚገባው የሆድ ድርቀት በጉምሩክ አይቆጠርም።

የትምህርት ቤት ተግባር በአምስት ነገሮች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፥ የመጠጥ ውሃና የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ነገር ከጥቁር ሰሌዳ ነገር አያንስም፤ አንድ ተቅማጥ መከልከል የዓመታትን ቁርጠት መከልከል ሊሆን ይችላል። ጃርዲያ ክሎሪንን ስለሚቋቋም በተጠረጠረ ጊዜ ውሃን ማፍላት ይበልጣል። ሁለተኛ፥ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕና በሩ የሚዘጋ ይሁን፤ በተለይ ሴቶች ልጆች በእፍረት ቀኑን ሙሉ ታግሠው ሆዳቸውን እንዳያስታምሙ። ሦስተኛ፥ ሕመሙ የታወቀለት ልጅ በክፍሉ ፊት ምክንያቱን ሳይጠየቅ እንዲወጣ ከመምህሩ ጋር ምልክት ይኑረው፤ መውጣት እንደሚችል ማወቁ ብቻ ብዙ ጊዜ ቁርጠቱን ያቀልለታል። አራተኛ፥ መምህሩ ሐኪም አይደለምና በሽታውን አይሰይም፥ መድኃኒትም አይዘዝ፤ ያየውን ቀንና ሰዓት ጽፎ ለወላጆቹ ይንገር። አምስተኛ፥ ልጁ በቤት እንዲቀር አይፈቀድለት፤ ከትምህርት መራቅ ፍርሃቱን ያሳድገዋል እንጂ ሆዱን አያሽረውም። ማዘን ማለት ማስቀረት ማለት አይደለም።

የትምህርት ሹማምንትም የሚያስቡበት ነገር አለ። የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ በሚውልበት ትምህርት ቤት፥ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ትምህርት ቤት፥ መምህሩ ርኅሩኅ ቢሆን ርኅራኄው የትም አይደርስም። የበጀት ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ ቧንቧና ሳሙና በመጨረሻው መሥመር የሚጻፉ ከሆነ በዎከርተንና በበርገን የሆነው በየዓመቱ በየሰፈሩ በዝምታ ይደገማል፤ ልዩነቱ የሚቆጥረው አለመኖሩ ብቻ ነው።

መምህር በየቀኑ ይፈርዳል። ማን እንደ ሠራ፥ ማን እንደ ሰነፈ፥ ማን እውነት እንደ ተናገረ በአንድ እይታ ይወስናል፤ ይግባኝ የሚባልበትም ዳኛ የለም። ይህ ሥልጣን ትልቅ ስለ ሆነ ዕውቀት ሊመራው ይገባል። በአጉሊ መነጽር እንኳ ለማየት መቶ ዓመት የፈጀውን ሕመም አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በቃል ብቻ እንዲያስረዳ መጠየቅ ከባድ ነው። ሆዴን አመመኝ ያለ ልጅ አስቀድሞ ይታመን፤ ምርመራውም ከመታመኑ በኋላ ይከተል።